አንገታችሁን ለሚያማችሁ፦ ከጠረጴዛው በፊት ሰውየውን የሚለኩ አናጢ

እኛ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ነን፤ ምስጋናችን ግን ለአንድ አናጢ ነው። አንገቱን ታሞ የመጣን ሰው አሽተን፣ እንቅስቃሴ አስተምረን እንሸኘዋለን፤ በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይጎነበሳል። ጋሼ የሚያክሙት ያንን ጠረጴዛ ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉምና አንጠራቸውም፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን።

የላፕቶፕ ማስቀመጫ ሊያሠራ የመጣን ሰው መጀመሪያ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ጀርባው መደገፊያውን፣ እግሩ ወለሉን መንካቱን ያያሉ፤ ክርኑን 90 ዲግሪ ያሳጥፉታል። ከዚያ ሜትራቸውን ዘርግተው ከወለል እስከ ክርን፣ ከወለል እስከ ዓይን ይለካሉ። ጆሯቸው ላይ የሰኳትን እርሳስ አውርደው ሁለቱን ቁጥሮች እዚያው ቁራጭ ጣውላ ላይ ይጽፏቸዋል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሴት ስትቀመጥ ክርኗ ከወለል 65 ሴንቲ ግድም ላይ ይውላል። በ10 ሴንቲ የሚበልጣት ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ትከሻዋን ሰቅላ ትውላለች፤ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ሳያርፍ ይውልና ማታ ድንጋይ ይሆናል። ላፕቶፕ ደግሞ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ ለእጅ ሲመች አንገት ያስደፋል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀጥ ሲል አጥንት ይሸከመዋል፤ ወደ ፊት ሲያዘነብል የኋላው ጡንቻ ጎትቶ ይይዘዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስሌት 60 ዲግሪ ያጎነበሰ አንገት የሚሸከመውን ጫና 27 ኪሎ አድርሶታል። ስሌት ነው እንጂ በሰው ላይ የተለካ አይደለም፤ ቢሆንም ባልዲ ውሃ ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድ ዘርግቶ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል።

ማስቀመጫውን የሚሠሩት ከ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ነው። ከፍታው እንደ ሰውየው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ይሆናል፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትክክል ወይም ጥቂት ጣት ዝቅ እንዲል። ላፕቶፑ እንዳይንሸራተት ከፊት 1 ሴንቲ ከንፈር ያወጡለታል፤ እንዳይግል ከኋላ ክፍት ይተዉለታል። ከታች ማንበቢያ ያለው መነጽር የሚያደርግ ሰው ከሆነ ከፍታውን ይቀንሳሉ፤ አለዚያ በታችኛው መስታወት ለማየት አገጩን ሽቅብ ሲሰቅል ይውላልና ሕመሙ ወደ ማጅራቱ ይዞራል። መነጽር የሚጠይቅ ሌላ አናጢ አልገጠመንም።

የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ እግሩ አይቆረጥም። ያኔ ወንበሩ 10 ሴንቲ ከፍ ይልና የዚያኑ ያህል የእግር ማሳረፊያ ይሠሩለታል። ወንበሩ ከፍ ሲል ዓይንም ከፍ ይላልና ለማስቀመጫው የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አገላብጦ የሚሠራ ብዙ ነው።

ለልብስ ሰፊዎችም የሚሠሩት አለ፤ ማሽኑ ወደ ሰፊው እንዲያዘነብል ከጠረጴዛው የኋላ እግሮች ሥር 5 ሴንቲ እንጨት ያስገባሉ። መርፌው ወደ ዓይን ስለሚቀርብ ጎንበስ ማለቱ ይቀንሳል። መቀሱ እንዳይወድቅ የፊቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጣውላ ይመታል።

እንከናቸውን አንደብቅም፤ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ አሥር ቀን ይሆናል።

ማስቀመጫ ገዝቶ እዚያው ከፍ ብሎ በተቀመጠው ላፕቶፕ ላይ መጻፍ ግን ከበፊቱ ይብሳል፤ እጅ ተሰቅሎ ይውላል። ለብቻው የሚገዛ ኪቦርድና ማውስ የግድ ነው። እንጨቱ ብቻውንም አያድንም፤ ተስተካክሎ ተቀምጦም ሦስት ሰዓት ያልተንቀሳቀሰ አንገት ያማል። በየ30 ደቂቃው ተነሡ። አገጫችሁን ወደ ታች ሳትደፉ፣ መሳቢያ እንደሚዘጋ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡት፤ 5 ሰከንድ ያዙ፣ 10 ጊዜ ድገሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ያ ሌላ እንቅስቃሴ ነው።

እጃችሁ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ አካሄዳችሁ ከተናጋ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሕመሙ ከአደጋ በኋላ ከጀመረ፣ አናጢውን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። አንገታችሁንም ለወጌሻ አታስጠምዝዙ።

ጋሼ ጋ ስትሄዱ ላፕቶፑንና መነጽራችሁን ያዙ። የምትሠሩበትን ጫማም አድርጉ፤ 4 ሴንቲ ተረከዝ ልኬቱን ሁሉ ያዛባባቸዋል።