የቡሄዋ ካሴት በፍላሽ

የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ቤት ለምትፈልጉ፣ የደረሰብኝን ላካፍላችሁ።

የወሰድኳት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ናት። ነሐሴ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ማታ፣ ጎጃም፣ ደጃችን ላይ ሆያ ሆዬ ስንጨፍር አጎቴ ከባሕር ዳር ባመጣው ቴፕ ቀድቶን ነበር። አውራጁ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ እረኞቹ ተቀባይ ነን።

የገልባጭ ቤቱ ልጅ በ3 ቀን አደረሰልኝ፣ 400 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ድምፁ ጥርት ብሏል። ወንድሜ «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል» ሲል አጠገቤ የቆመ ነው የሚመስለው። ያኔ ይቺ ስንኝ ለእኛ ግጥም አልነበረችም። ከብት ይዘን ስንመለስ ከማዶ የምናየው የየቤታችን ጭስ ነው። ጭስ ካለ እራት አለ። ወንድሜ ቀጥሎ በሬያችንን ቦራን በስሙ እየጠራ ያወድሰዋል፤ ያንን ከራሱ ነው ያመጣው።

ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ደግሜ ሰማሁት። ጅራፉ የለም! ከሐምሌ ጀምሮ ልጥ ልጠን የገመድነው፣ ጧ ሲል ገደሉ የሚመልሰው ጅራፍ። ጅራፍ የሌለበት ቡሄ ምኑ ቡሄ ነው?

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጧ ጧ የሚል ነገር ነበረበት። የካሴቱ ብልሽት መስሎኝ አጸዳሁት» አለኝ።

ማጽጃው ፕሮግራም ድንገት የሚጮህን ነገር እንደ ጭረት ቆጥሮ ያወጣዋል ለካ። ስለ ጅራፉ ነገርኩት። ሳይጨቃጨቅ፣ ተጨማሪ ብር ሳይጠይቅ እንደገና ገለበጠው። ቴፕ ደግሞ ማቻኮል አይቻልም፣ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሁለቱም ገጽ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት እዚያው ቁጭ አልኩ።

ያልጸዳው ሽሽሽ ይላል። በመሀል ጅራፉ ይጮሃል፣ ውሻችን ይጮሃል። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል ከጓዳ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ሙልሙሉ ገና አልበሰለም፣ እስቲ ድገሙት!»

እናቴ ናት። ካረፈች ቆይታለች፣ ፎቶ እንጂ ድምፅ አልነበረኝም። በጸዳው ፋይል ላይ ጨርሶ አትሰማም።

ስለዚህ ካሴት ስታስገለብጡ «ያልጸዳውንም አብረህ ስጠኝ» በሉ፣ ሳትረሱ። ቤቱን ግን እመክራለሁ፣ ልጁ ሰው ያዳምጣል። ፍላሽ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይሸጥም።