ሁለት ዓመት ወይስ አራት? ወደ አሜሪካ ጦር ለመግባት ለሚያስቡ

ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ የገቡ ዘመድ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ለሁለት ዓመት ብቻ ፈርሜ፣ ትምህርቴንና ዜግነቴን ይዤ ብወጣ አይሻልም?» አይሻልም። መግባታችሁ ካልቀረ በመደበኛው ውል ግቡ፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት፣ ቢቻል ለአራት። ምክንያቴ በአብዛኛው ገንዘብ ነው።

ደመወዙ አይለያይም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሠንጠረዥ ከአራት ወር በላይ ያገለገለ ተራ ወታደር መነሻ ደመወዙ በወር 2,319 ዶላር ነበር፤ ለአጭር ጊዜ የፈረመውም ለረጅም ጊዜ የፈረመውም ያንኑ ይቀበላል። ምግቡ፣ ማደሪያውና ሕክምናውም አንድ ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ከወጡ በኋላ ነውና የሚታየው።

ትልቁ ልዩነት ትምህርት ነው። ጂ አይ ቢል የሚባለው ድጋፍ 100 በመቶ የሚከፈለው 36 ወር ላገለገለ ነው። 30 ወር ሞልቶት 36 ያልደረሰ 90 በመቶ፣ 24 ወር ሞልቶት 30 ያልደረሰ ደግሞ 80 በመቶ ያገኛል። «20 በመቶ ምን አላት?» የሚል ሰው የኮሌጅ ክፍያ አይቶ አያውቅም። ቅናሹ የትምህርት ክፍያውን ብቻ አይነካም፤ የወር የቤት ኪራይ አበሉንና በዓመት እስከ 1,000 ዶላር የሚደርሰውን የመጽሐፍ ገንዘብም ይቀንሳል። ድጋፉ አራት የትምህርት ዓመት ያህል ስለሚዘልቅ ጉድለቱም እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። አንድ የማውቀው ልጅ «ትምህርትህ በነጻ ነው» ተብሎ ለሁለት ዓመት ፈርሞ ነበር። ኮሌጅ ሲመዘገብ 80 የሚል ደብዳቤ ተሰጠው፤ ቀሪውን ለመሙላት ሌሊት መኪና እየነዳ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ተማረ። አንድ ዓመት ቢጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!

የጡረታ ቁጠባውም እንዲሁ ነው። መንግሥት ከመነሻ ደመወዝ 1 በመቶ ቀድሞ ያስገባል፤ እናንተ በምትቆጥቡት ልክ እስከ 4 በመቶ የሚጨምረው ግን ሁለት ዓመት ካገለገላችሁ በኋላ ነው። የአጭር ጊዜው ወታደር ጥቅሙ ሊጀምር ሲል ዕቃውን ይሸክፋል። እስከ 20 ዓመት የቆየ ደግሞ ከፍተኛ ደመወዝ ካገኘባቸው 36 ወራት አማካይ 40 በመቶውን ዕድሜ ልኩን ይጦራል። ልጆች ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ የትምህርት ድጋፉን ለልጅ ለማስተላለፍ ስድስት ዓመት አገልግሎ ተጨማሪ አራት ዓመት ለማገልገል መፈረም ያስፈልጋል። በአጭር ውል ይህ አይታሰብም።

ዜግነትን በተመለከተ አጭሩ ውል ምንም ብልጫ የለውም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ላገለገለ ሕጉ ለዜግነት ለማመልከት አንድ ዓመት መጠበቅን አያስገድድም፤ የማመልከቻ ክፍያም የለም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ዜግነት ያገኘ ሰው በድምሩ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ስንብት ከተባረረ ዜግነቱ ሊሰረዝ ይችላል። ትምህርቱን ጨርሶ ዜግነት ብቻ የቀረው ሰው ከሆነ አጭሩ አይጎዳውም።

«ሁለት ዓመት» የሚለውም ቢሆን ሁለት ዓመት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈርም ሁሉ ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው፤ ቀሪውን ዓመታት በተጠባባቂነት ትያዛላችሁ፣ ከተፈለጋችሁም ትጠራላችሁ።

ጤናን ሳላነሳ አላልፍም። አጭር ውል የፈረሙ ልጆች «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያሉ ያበጠ ጉልበት ደብቀው ይሮጣሉ። ከወጡ በኋላ የአካል ጉዳት ካሳ ሲጠይቁ የሚፈለገው በአገልግሎት ዘመን የተጻፈ የሕክምና መዝገብ ነው። ክሊኒክ ሂዱ፣ አስመዝግቡ፣ ቅጂውን ያዙ።

በማስታወቂያ የምታዩት የ50,000 ዶላር የመቀጠሪያ ጉርሻ በጃንዋሪ 2022 ሲታወጅ ለተመረጡ ሙያዎችና ለስድስት ዓመት ውል ነበር። ከጉርሻው ግብር ይቆረጣል፤ ውሉን ካቋረጣችሁ ደግሞ ያላገለገላችሁበትን ድርሻ ትመልሳላችሁ።

መልማዩ የነገራችሁን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ። ዲዲ ፎርም 4 የሚባለው ውል ራሱ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ላይ ያልሰፈረ ቃል እንደማይከበር በግልጽ ይናገራል። የሙያው መለያ፣ የዓመቱ ብዛትና የጉርሻው መጠን አባሪው ላይ ካልተጻፉ ብዕሩን አስቀምጡና ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።