ከኤች ፓይሎሪ ሕክምና በኋላ፦ የደም፣ የሰገራ ወይስ የትንፋሽ ምርመራ?

ለጨጓራ ባክቴሪያው ለኤች ፓይሎሪ የታዘዙልዎትን የአሲድ መቀነሻ ኦሜፕራዞሉን፣ አንቲባዮቲኮቹን አሞክሲሲሊኑንና ክላሪትሮማይሲኑን ጨርሰዋል፤ ቃጠሎውም ቀለል ብሎልዎታል። የሕመሙ መቅለል ብቻውን ባክቴሪያው መጥፋቱን ስለማያረጋግጥ መመርመር ያስፈልጋል። ግን በየትኛው?

የደሙ ፈጣን ነው፤ ከሕክምና በኋላ ግን ብርዎን አያውጡበት። የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ነው፤ ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። የዳነ ሰው «ፖዘቲቭ» ተብሎ ያንኑ መድኃኒት እንደገና ሊጀምር ይችላል።

ጅማ ላለ ሰው የእኔ ምርጫ የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያው የራሱ ቁራጭ) ምርመራ ነው። ባክቴሪያው አሁን መኖር አለመኖሩን ያሳያል። በላብራቶሪ ማሽን የሚነበበው (ኤላይዛ) ከፈጣኑ ኪት የበለጠ ይታመናል። ትእዛዙ ላይ «ኤች ፓይሎሪ አንቲጅን» ተብሎ መጻፉን ይመልከቱ፤ ለጃርዲያና ለወስፋት በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪን አያሳይም። ናሙናው ትኩስ ይሁን፤ ተቅማጥ ካለብዎት ቢያልፍልዎት ይሻላል።

የትንፋሽ ምርመራ ከሁሉም የተመሰከረለት ነው፤ በትክክል ከተሠራ ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ነው። በካርቦን ምልክት የተደረገበት ዩሪያ የሚባል ንጥረ ነገር በአፍ ይወስዳሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይተነፍሳሉ፣ አለቀ። ካርቦን 14 የሚጠቀመው ዓይነት አነስተኛ ጨረር ስላለው ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ካርቦን 13 ይመረጣል። መሣሪያው ግን በየክሊኒኩ የለም። ለዚህ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ፣ ጥሩ የአንቲጅን ምርመራ በቅርብ እያለ፣ አይታየኝም።

ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ጨጓራን ማየት) የሚያስፈልገው ቁስሉ ራሱ መታየት ሲኖርበት፣ ወይም ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ሲኖር ነው። ለማረጋገጫ ብቻ ከሆነ ይቅርብዎት።

ከምርመራው ዓይነት ያላነሰ ጊዜውም ይወስናል። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ይለፍ። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው፣ ሳያቆሙ ተመርምረው «ኔጌቲቭ» ቢባሉ አይመኑት፤ በአንቲጅን ወይም በትንፋሽ «ፖዘቲቭ» ከተባሉ ግን ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ቁስለት ደምቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ ኦሜፕራዞሉን አያቁሙ። በመሀል ቃጠሎ ቢነሳ ተራ የአንታሲድ ሽሮፕ ውጤቱን አያዛባም።