ዶንት ስታርቭ ከነዲኤልሲዎቹ፦ የቱን እንግዛ ለምትሉ

ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ከጋቢ ውስጥ እጅ ማውጣት ራሱ ይከብዳል። ዶንት ስታርቭን በደንብ የተጫወትኩት በእነዚያ ሌሊቶች ነው። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል።

ለማያውቁት፦ ክሌይ የሚባል የካናዳ ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ያወጣው ጌም ነው። ዊልሰን የሚባል ሳይንቲስት ባዶ እጁን ጫካ ይጣላል። ረሃቡን፣ ጤናውንና አእምሮውን መጠበቅ የአንተ ሥራ ነው። አንድ ቀን 8 ደቂቃ ነው። ሲመሽ እሳት ከሌለህ ጨለማው ይገድልሃል፣ ከሞት የሚያስነሳህን ነገር አስቀድመህ ካላዘጋጀህ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለህ።

ዋናው ጌም ላይ፣ ማለትም ዲኤልሲ የሚባሉት ለብቻ ተገዝተው የሚጨመሩ ክፍሎች ሳይገቡ፣ ያሉት ወቅቶች ሁለት ብቻ ናቸው። ብርዱን አንዴ ከለመድከው ፈተናው ያልቃል። ሙቀት የሚይዘውን ድንጋይህን እሳት ዳር ታስቀምጣለህ፣ ሲቀላ ይዘኸው ትወጣለህ፣ ቀለሙ ሲደበዝዝ ትመለሳለህ፣ በቃ።

ሬይን ኦፍ ጃያንትስ የሚባለው ዲኤልሲ (2014) ግን ሌላ ነገር ነው። ወቅቶቹ አራት ይሆናሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ ግዙፍ አውሬ አለው። በዝናቡ ወቅት ትበሰብሳለህ፣ መሣሪያው ከእጅህ እያመለጠ ይወድቃል። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፤ ያ በብርድ ጊዜ ያሞቅከውን ድንጋይ አሁን ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ከተህ አቀዝቅዘህ ትይዘዋለህ። ይሄን ሳየው በጣም ነው የወደድኩት። ብርዱን ብቻ ፈርቼ ስዘጋጅ ከርሜ፣ 60ኛው ቀን አካባቢ ሣሩ በራሱ ተቀጣጠለና እርሻዬም ሳጥኖቼም ዓይኔ እያየ ነደዱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በማግስቱ ግን እንደገና ጀመርኩ።

ሺፕሬክድ (2016) ባሕር ላይ ነው። ከደሴት ደሴት በጀልባ ትሄዳለህ፣ ማዕበል አለ፣ መርዝ አለ፣ በደረቁ ወቅት እሳተ ገሞራው ከሰማይ እሳት ያዘንባል። ቆንጆ ነው። ግን ዕቃህ በየደሴቱ ተበታትኖ ስለሚቀር እንደ ሬይን ኦፍ ጃያንትስ ቤቴ የምትለው ቦታ ቶሎ አይኖርህም።

ሃምሌት (2019) ውስጥ የአሳማዎች ከተማ አለ፣ ሱቅ ገብተህ በገንዘብ ትገዛለህ፣ ቤትም ይኖርሃል። እኔን አልያዘኝም። ምግብ ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ ያ የረሃቡ ጭንቀት የት ሄደ?

ስለዚህ ዋናውንና ሬይን ኦፍ ጃያንትስን አብራችሁ ግዙ፣ ሺፕሬክድን ቅናሽ ሲመጣ ጨምሩ። ከጓደኛ ጋር መጫወት የምትፈልጉ ዶንት ስታርቭ ቱጌዘርን ውሰዱ፣ የሬይን ኦፍ ጃያንትስ ወቅቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ሙቀቱ የሚገባው 56ኛው ቀን ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በረዶ የሚረጨውን ማሽን እርሻችሁ መሀል ትከሉት፣ ነዳጁንም እያያችሁ ሙሉት።