ለዶሮ ቤት የገዛሁት ባለ ሰዓት ማብሪያ፦ አንድ ክረምት ከሠራ በኋላ

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት መብራት ኃይል በሠራው ጥፋት ነው፤ ግን ዕቃው መብራት የሚጠፋበት አገር ሊሸጥ ከመጣ ይህን ማወቅ ነበረበት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከመርካቶ በ850 ብር ነው የገዛሁት። መዳፍ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት፤ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ አምፖሉ ደግሞ እሷ ላይ ይሰካል። ፊቷ ላይ የሚዞር ክብ አለ፣ ዙሪያውን 96 ጥቃቅን ጥርሶች፤ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ነው። እንዲበራ የምትፈልጉበትን ሰዓት ጥርሶች በጥፍር ወደ ታች መጫን ብቻ ነው።

ሽሮ ሜዳ ጓሮዬ ውስጥ 12 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የፈረንጅ ጣይ ዶሮዎችና 2 የሐበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ግንቦት ላይ በቀን 10 እና 11 እንቁላል እለቅም ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ 6 ሆነ፣ ቀጥሎ 4። ሻጩ «እህቴ፣ ይህን ስኪውና በሳምንቱ እንቁላል ማስቀመጫ ታጪያለሽ» አለኝ።

ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስታገኝ በደንብ ትጥላለች፤ ብርሃኑ በዓይኗ ብቻ ሳይሆን የራስ ቅሏንም ዘልቆ አንጎሏን ይቀሰቅሳል። ይሁን እንጂ «በክረምት ቀኑ ስለሚያጥር ነው» የሚለውን የሰፈራችንን ወሬ አትመኑ። የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ሰኔ ውስጥ ነው፣ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፤ አጭሩ ታኅሣሥ ላይ ሲሆን እሱም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። የአውሮፓ ዶሮ በታኅሣሥ ጨለማ መጣል ብታቆም አይፈረድባትም፤ የእኛዋን የሚያጨልምባት ደመናው ነው። የእኔዎቹን ደግሞ እኔው ራሴ አጨለምኩባቸው፦ ያለቻቸውን አንዲት መስኮት ዝናብ እንዳያስገባ በማዳበሪያ ጋርጃት ነበር።

መጀመሪያ አምፖሉን ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እንዲበራ አደረግኩት። ስሕተት ነበር። 3 ሰዓት ሲሞላ ድርግም ሲል ግማሾቹ ገና ቆጥ ላይ አልወጡም፤ ዶሮ በጨለማ አታይምና መሬት ላይ እየተጋጩ ሲንጫጩ ባትሪ ይዤ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በርቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ነግቶ ሳለ ይጠፋል። ማታ ፀሐይዋ ራሷ ቀስ ብላ ታስተኛቸዋለች። አምፖሉ ባለ 5 ዋት ቢጫ ነው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ለውጥ ያየሁት በሳምንቱ አይደለም፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከ4 ወደ 7፣ ከዚያ 8። ምስጋናውን ግን ሁሉንም ለሳጥኗ አልሰጥም። በዚያው ሳምንት የረጠበውን ሰጋቱራ ጠርጌ አውጥቼ ደረቅ አነጠፍኩ፤ የመኖውን ከረጢት ከሲሚንቶው ወለል ላይ ሳነሣ ደግሞ ታችኛው ክፍል ሻግቶ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። እሱን እየበላች በቅጡ የምትጥል ዶሮ የለችም። መብራቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስንት ይጨምር እንደነበር እንግዲህ እሱ ይወቀው።

ሦስቱ ቦቫንሶች ግን ብርሃንም አልሰሙ፣ ደረቅ ሰጋቱራም አልሰሙ። ላባ እየጣሉ ነበር። ግቢው ትራስ የተቀደደበት ይመስላል፣ አንዷ አንገቷ ተራቁቶ አዲሱ ላባ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ብሏል። ዓመት ከጣለች ዶሮ የሚጠበቅ ነው፤ ሁለትና ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ላባ የሚሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ ፋጉሎ ጨመርኩላቸውና ተውኳቸው። ከሐበሻዎቹም አንዷ ባዶ ጎጆ ታቅፋ ተቀምጣለች። እጄን ስዘረጋ ላባዋን ነፍታ ትነክሰኛለች። ለእሷ የመርካቶ ዕቃ አይሠራላትም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የሳጥኗ ሰዓት የሚዞረው በመብራት ነው። መብራት ለ5 ሰዓት ከጠፋ እሷም 5 ሰዓት ትቆማለች፣ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ዶሮዎቼ ረፋድ ላይ አምፖል ሲበራላቸው ሰንብቷል፤ ያወቅኩት እንቁላሉ እንደገና ወደ 5 ሲወርድ ነው። ውስጧ ባትሪ ያለው ዓይነት እንዳለ ኋላ ሰማሁ፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ብገዛ እሱን እገዛ ነበር። ሌላው፣ ውኃ አትችልም። እኔ ከዶሮ ቤቱ ውጪ፣ ከቤታችን ክዳን ሥር ሰክቼ ሽቦ ነው የሳብኩት። እርጥበትና ኩስ ባለበት ውስጥ መሰካት አደጋ ነው።

የሰዓቱ አቆጣጠር ደግሞ የፈረንጅ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እናቴ ልታግዘኝ ብላ ጥርሶቹን አስተካከለች፤ «ከ10 እስከ 1 አላልሽም እንዴ ልጄ?» አለችኝ፣ ክቡ ላይ ከተጻፈው 10 እስከ 13 ያሉትን በሙሉ ተጭናቸው። ጠራራ ፀሐይ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ ዶሮዎቹ ከሥሩ አቧራ ይታጠባሉ። አሁን ሳጥኗ ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «የእኛ 10 የእሷ 4 ነው። የእኛ 1 የእሷ 7 ነው። እማዬ፣ ሌላውን አትንኪ።»