ከዋጋው በፊት ስሌቱን ያሳየን የሶላር ድርጅት

በአዲስ አበባ ለመኖሪያ ቤት ሶላር የሚዘረጉ ድርጅቶች በርክተዋል፤ አብዛኞቹም ከደንበኛ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ፓነል ብዛትና ስለ ባትሪ ዋጋ ነው። የእኛን ቤት የሠራው አነስተኛ ድርጅት ግን ፕሮፎርማ ከመስጠቱ በፊት የዲዛይን ስሌቱን በወረቀት አቅርቦልናል፤ አገልግሎቱን የማመሰግነውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ቀደም ሲል ሌላ ድርጅት ያቀረበልን ዕቅድ፣ እያንዳንዳቸው 49.5 ቮልት የሆኑ 10 ፓነሎችን በአንድ መስመር የሚያያይዝ ነበር። ድምሩ 495 ቮልት ስለሆነ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ከሚችለው 500 ቮልት ያነሰ ይመስላል። ይሁን እንጂ በፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካ ነው፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። የእኛ ባለሙያ የታኅሣሥን ንጋት በ5 ዲግሪ አስቦ፣ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.27 በመቶ ሲጨምርበት ውጤቱ ከ520 ቮልት አለፈ። ስለዚህ መስመሩን በ9 ፓነል ወሰነው፤ ይህም በዚያው ብርድ 470 ቮልት ገደማ ይሆናል። ዕቃ ቀንሶ ለመሸጥ የሚደፍር ነጋዴ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በብሬከር ምርጫም የታየው ጥንቃቄ ተመሳሳይ ነው። የኤሲ ጅረት (አቅጣጫውን የሚቀያይረው የቤት መብራት) በ50 ኸርዝ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል፤ ከፓነል የሚመጣው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት) ግን እንዲህ ያለ ፋታ ስለሌለው፣ ለኤሲ ብቻ የተሠራ ብሬከር ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ድርጅቱ በፓነል በኩል ለዲሲ የተሠሩትን ብቻ የተጠቀመ ሲሆን፣ በብዙ ብሬከሮች ላይ የተጻፈው አቅም የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ በመሆኑና ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ ስሱን አየር ታሳቢ አድርጎ ከፍ ያለ አቅም ያላቸውን መርጧል። የፓነሎቹ ፍሬምና መደገፊያ ብረትም ከቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ጋር ተያይዟል።

ዋጋቸው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ለተሠራው ሥራ ግን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቅር ያሰኘኝ የምልክቶቹ ነገር ነው፤ በቦርዱ ላይ ያሉት ጽሑፎች በእስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው። መብራት ቢጠፋም ፀሐይ እስካለች ድረስ ከጣሪያ የሚወርደው ገመድ አደገኛ ቮልቴጅ እንደሚይዝ የሚያስጠነቅቅ የማይለቅ ጽሑፍ በአማርኛ እንዲለጠፍ ጠይቀን ነበር፤ እስካሁን አልተለጠፈም።