ያለ ካንዴላ አሥራ አራት ወር

ሃያ ሁለት ዓመት ላዳ ታክሲ ነድቻለሁ፤ ሰማያዊና ነጯን። የትኛው ብሎን እንደላላ ከድምፅዋ እለይ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እንድትሰሙ የምፈልገው ከእንደዚህ ዓይነት ሰው አፍ ነው፤ ምክንያቱም እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ወይ በሻጭ ወይ መኪናውን ነድቶ በማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው።

መንግሥት ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ የተሰማ ቀን ተራ ላይ የሳቅነውን ሳቅ አልረሳውም። አንዱ «መብራት በፈረቃ በኖርንበት አገር!» አለ። ሌላው «የሐምሌ ጎርፍ ያገኘው ቀን ከነተሳፋሪው ይጠበሳል» አለ። እኔም በኩሌ «ባትሪው በሁለት ዓመት ይሞታል፣ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ነው» ብዬ ፈረድኩ። እንግዲህ ኅዳር 2017 ላይ መኪናውን የገዛሁት ይህን ሁሉ ጥርጣሬ በሆዴ ይዤ ነው። ለምን ገዛህ ለሚለኝ ሰው መልሱ ልጄ ናት። ከቁጠባዋ ላይ ጨመረችና «አባዬ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ያደርክባቸውን ሌሊቶች ቆጥረህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ቆጥሬ አላውቅም ነበር። መቁጠርም አልፈለግሁም።

የሥሪቱን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ ነገር በብዙዎቹ ላይ ይሠራል ብዬ ስለማስብ ስሙ አይጠቅማችሁም። የቻይና ሥራ ነው፣ አምስት ሰው ይይዛል፣ ባትሪው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታንክ በሊትር እንደሚለካ ባትሪ የሚለካው በዚህ ነው። ፋብሪካው በአንድ ሙሊት 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከ310 አልፌ አላውቅም። ስትገዙ ሻጩ ከሚነግራችሁ ላይ ሩቡን ቀንሱ።

ከሚያስደስተው ልጀምር። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ሠፈሩን የሚያውቅ ዳገቱን ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ዕቃ) ያለው ሞተር ይተነፍሳል እንጂ አይጠግብም። አራት ተሳፋሪ ጭኜ ያንን ዳገት ስወጣ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኜ በልቤ ስእለት እሳል ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይጠጣም። እንጦጦም ላይ ሆነ ቃሊቲ ጉልበቱ ያው ነው። መጀመሪያ ቀን ዳገቱን ስወጣ እጄ ማርሽ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶውን ያዘ፤ እግሬም ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን፣ እዚህ ግን የሌለውን ፍሪሲዮን ሲረግጥ ከረመ። አሁንም ሲደክመኝ ይረግጣል።

የቁልቁለቱ ደስታ ደግሞ ከዳገቱ ይበልጣል። እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ተገልብጦ ዲናሞ ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ 61 በመቶ የነበረው ባትሪ ወደ 62 ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። እየነዳችሁ የታንካችሁ ነዳጅ ሲጨምር አስቡት። ለባልንጀሮቼ ብነግራቸው ማንም አላመነኝም፤ አንዱን አሳፍሬ ወስጄ አሳየሁትና «የቁጥር ጨዋታ ነው» አለኝ። መኪናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገታው ያው ሞተር ስለሆነ በአሥራ አራት ወር ውስጥ የፍሬን ሸራ አልቀየርኩም። ይህስ የቁጥር ጨዋታ ነው?

ስለ ወጪው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደብተር እይዛለሁ። ባለፈው ወር 2,600 ኪሎ ሜትር ሄድኩ፤ ለዚያ ከቤቴ ቆጣሪ 420 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወሰድኩ። ላዳዬ ለዚህ መንገድ ከ250 ሊትር በላይ ትጠጣ ነበር፣ ቤንዚን ደግሞ ሊትሩ ከመቶ ብር ካለፈ ሰነበተ። የመብራት ታሪፍ በየጊዜው ከፍ ቢልም ቤት ውስጥ የሞላሁት ካርድ የቤንዚኑን ዋጋ አንድ ስምንተኛ አልደረሰም።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም፤ ምጣድ። የእኔ የቤት ቻርጀር 10 አምፔር ነው የሚስበው፤ በ220 ቮልት ስታባዛው 2,200 ዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ይበልጣል። ባለቤቴ ማክሰኞ ማክሰኞ እንጀራ ትጋግራለች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሁለቱ ተገናኙና የቆጣሪው ማብሪያ ወርዶ ቤቱ ጨለመ፤ ሊጥ ምጣድ ላይ፣ እኔ ደጅ ላይ። «ወይ መኪናህ ወይ እንጀራህ» ተባልኩ። አሁን ማክሰኞ የመኪናው ተራ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «መኪናው የአገሩን መብራት ይጨርሳል» የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ ቤትህ ምጣድ አለ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

በዚህ አቅም በአሥር ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን መቶ ለሚሄድ ሰው ይበቃል፣ መብራት ካልጠፋ። ሲጠፋ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እኔም ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ እንባዬ መጥቷል። ቦንድ ገዝቼበታለሁ። 5,150 ሜጋዋት! ዓባይ ታክሲዬን ሲነዳልኝ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣው ቤንዚን ሲቀርልን ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው፤ የእኔን ሌሊት የሚወስነው ከቤቴ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ እንጨት ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። ባለፈው ክረምት እሱ ሦስት ቀን ዝም ሲል እኔም ሁለቱን ቀን ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ሄጄ ከፊቴ አሥራ አንድ መኪና ቆሞ አገኘሁ። ከማደያ ሰልፍ ሸሽቼ ሌላ ሰልፍ። ልዩነቱ እዚህኛው ሰልፍ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ባትሪው ጤና ያወራል፤ የስኳር በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት ክሊኒክ ይመስላል።

ወደ አዳማም ሄጃለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሄድ ከባትሪው 27 በመቶ ወሰደብኝ፣ ስመለስ ያው መንገድ 40 በመቶ። መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ልጄ አስረዳችኝ፤ አዳማ ከእኛ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፣ መመለሱ በአብዛኛው ሽቅብ ነው። ላዳም ሽቅብ ብዙ ትበላ ነበር፤ የእሷ መርፌ ግን ሲያሻው የሚወዛወዝ ስለነበር ልዩነቱን አይቼው አላውቅም። ይህኛው ኃጢአቱን በመቶኛ ይናዘዛል።

ቋንቋው ያስቃል። መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ስለሆነ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ቀበቶ ሳታስር አንዲት ሴት ትቆጣሃለች፤ በር ሳትዘጋ ሌላ ቁጣ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቁጣውን በቃሏ ይዛው አያቷ ጫማ አድርጋ ምንጣፍ ላይ ስትወጣ ትልላታለች። የማዝዣ ገጾቹን ልጄ በስልክ እያነሳች አስተርጉማ፣ አማርኛውን በትንንሽ ወረቀት ጽፋ ክሩስኮቱ ላይ ለጠፈችልኝ። የሁለት ሚሊዮን ብር ዕቃ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ወረቀት ተለጥፎበት ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ፣ ጭሱን የሚያወጣው ማርሚታ። መካኒኮቻችን ከጣሊያን ወርሰው የእኛ ያደረጓቸው ቃላት ናቸው፤ እኔም እንጀራዬን የበላሁት በእነሱ ነው። በዚህ መኪና ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ኮፈኑን ስትከፍት ጥቁር ፕላስቲክ ክዳንና ብርቱካናማ ገመድ ታያለህ። ብርቱካናማውን መንካት ክልክል ነው፤ ከ300 ቮልት በላይ ይሄድበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ የነከረ ሰው የመስታወት መጥረጊያ ውኃ ጨምሮ ኮፈኑን ይዘጋል።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሚኒባስ መገናኛ ላይ ሲታጠፍ የፊት ፓራውልቴንና አንድ መብራቴን ይዞ ሄደ። ለላዳ ቢሆን ሶማሌ ተራ ወርጄ ከምሳ በፊት ዕቃውን ይዤ እመለሳለሁ። ያው ሄድኩ፤ የማውቀው ባለሱቅ «ጋሼ፣ ይሄ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም» አለኝ። የሸጠልኝ አስመጪ ዘንድ ሄድኩ። ዋስትናው የፋብሪካው ነው፣ ፋብሪካው ደግሞ እኔን አያውቀኝም፤ ወረቀቱም በቻይንኛ ነው። መብራቱ በዘጠነኛው ሳምንት መጣ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አልሠራሁም።

ከዚያ መስከረም ላይ ቢጫ ምልክት በራ። መኪናው ይሄዳል፣ ምልክቱ አይጠፋም። ኮምፒውተር ይዞ የሚዞር አንድ ወጣት ጠሩልኝ። ገመዱን ሰካ፣ ጥቂት ነካ ነካ አደረገ፣ ምልክቱ ጠፋ። ምን ነበር አልኩት።

«ስህተት ነበር፤ አጠፋሁት።»

«ስህተቱን ነው ያጠፋኸው ወይስ ጽሑፉን?»

ዝም አለ። ዝምታው ደስ አላለኝም፤ ቢዋሸኝ ግን የባሰ ነበር። ከፈልኩትና ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሳ መኪናው በድን ሆኖ ጠበቀኝ። ስልኬ ላይ የመኪናው ባትሪ 64 በመቶ ይላል፤ በሩ ግን አይከፈትም፣ ምንም አይበራም። በቃ፣ የፈራሁት ደረሰ አልኩ። ለካ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለች፤ ያው የድሮዋ ዓይነት። ትልቁን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፣ የሞተችውም እሷ። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዘመናዊነት በር ጠባቂው ስላንቀላፋ ውጭ ቆመ። በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀችው ቁልፍ ከፍተን፣ የጎረቤቴን አሮጌ ኮሮላ አስጠግተን ባትሪ ለባትሪ አያያዝንና ተነሳ። ጎረቤቴ ይህን ታሪክ ለመንደሩ ሁሉ አውርቶታል፤ ቤንዚን ኤሌክትሪክን አዳነ እያለ። መብቱ ነው።

ያንኑ ቀን ወጣቱ ሳልጠራው ደወለ። «ጋሼ፣ ያ ምልክት የትንሿ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ አገኘሁት። አቅሟ ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሌለ ስህተት ያወራል» አለኝ። ዘግይቷል አልኩት፣ ሳቅን። የቻይናዎቹን ቪዲዮ እያስተረጎመ ሌሊት ሌሊት እንደሚማር ነገረኝ። የሚሠራበት ጋራዥ ከኤሌክትሪክ የሚከላከል ጓንት እንኳ አልገዛለትም፤ በራሱ ገንዘብ ሊገዛ እያጠራቀመ ነው። እኔም በዕድሜው ካርቡራተርን የተማርኩት የሰው ላዳ እያበላሸሁ ነበር፤ ልዩነቱ፣ የእኔ ስህተት ጣት ያቆሽሻል፣ የእሱ ስህተት ይገድላል። ይህን ልጅ የሚያስተምር፣ ጓንት የሚያለብስ፣ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ በእጁ የሚያስይዝ አካል እስኪኖር ድረስ እኔ የገዛሁት ግማሽ መኪና ነው።

ጥርጣሬዎቹስ? ጎርፉን በተመለከተ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ነዳሁ፣ አልተጠበስኩም፤ ጥልቅ ውኃ ግን አልገባሁም፣ ባትሪው ከወለሉ በታች ስለሆነ መኪናው ሆደ ዝቅ ነው፣ የመንደራችን ኮብልስቶን ሁለቴ ጭሮታል። የባትሪው ዕድሜ? በአሥራ አራት ወር የሚታይ ድካም የለውም። ሁለት ዓመት ይሞላው፣ ያኔ እመለሳለሁ።

ግዛ ወይስ አትግዛ ለሚለኝ፦ ግቢ ያለህ፣ የራስህ ቆጣሪ ያለህ፣ ውሎህ ከተማ ውስጥ የሆነ ሰው ከሆንክ ግዛ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ከሆነ ገመዱን በየት እንደምታወርደው ቀድመህ አስብ። ስትገዛ ትንሿ ባትሪ መቼ እንደተቀየረች ጠይቅ፤ ሻጩ የትኛዋ ብሎ ከጠየቀህ ወደ ሌላ ሻጭ ሂድ። ከአምስት ኮከብ ለመኪናው አራት እሰጠዋለሁ። ከመኪናው ኋላ ላለው ነገር ሁሉ አንድ ተኩል፤ ግማሹ ኮከብ የወጣቱ ነው።

በሚቀጥለው ወር የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ትዳራለች። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብተሬ ስሌት እደርሳለሁ፣ ሲቀረኝ ግን ጥቂት ነው። ሙሽራው ቤት ደውዬ ከድንኳኑ አጠገብ ሶኬት መኖሩን ጠይቄአለሁ። አለ ብለውኛል። ምጣዱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሰካ ግን አልነገሩኝም።